መቋሚያ ስንገዛ ምን እናያለን?

«ልጄ፣ መደገፊያ ብለህ የላክህልን እሱ ራሱ ደጋፊ የሚሻ ነው።»

በ2011 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም አጋማሽ ላይ ከእስቴ ገጠር በስልክ የደረሰኝ ወቀሳ ይህ ነበር። ደዋዩ የአንዲት ትንሽ ደብር መሪጌታ ናቸው። የዚያች ደብር ተወላጆች ሆነን አዲስ አበባ የምንኖር ሰዎች ገንዘብ አዋጥተን ለጥምቀት በዓል አንድ ከበሮ፣ ሁለት ጸናጽልና ስምንት መቋሚያ ልከን ነበር። ገዢ ሆኜ የተመረጥኩት እኔ ነኝ። የተመረጥኩትም ስለ ዕቃው ስለማውቅ አይደለም፤ የሒሳብ ባለሙያ ስለሆንኩ «ዋጋ ይከራከራል» ተብሎ ነው።

ተከራከርኩም። አንድ የንዋየ ቅድሳት መሸጫ ገብቼ፣ ራሳቸው ወርቅ መስሎ የሚያብለጨልጭ ስምንት መቋሚያዎችን አስቀነስኩና በጥቅል ገዛሁ። በጥምቀት ዋዜማ ፎቶግራፍ ተነሥተው ሲላክልን ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። ጾሙ ሲጋመስ ግን የሦስቱ ራስ ተነቃንቆ ወልቋል፤ የአንዱ ዘንግ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ከበሮው ደግሞ እንጨቱ ሳይደርቅ የተፈለፈለ ኖሮ የጉና ፀሐይና ውርጭ ሲፈራረቅበት አፉ ላይ ተሰነጠቀ። ከተዋጣው ገንዘብ ግማሽ ያህሉ በሁለት ወር ውስጥ ባከነ ማለት ነው። ገንዘቡን ካዋጡት መካከል ከጡረታቸው ቀንሰው የሰጡ እናት እንዳሉ ስለማውቅ፣ ጉዳዩን «ያጋጥማል» ብዬ ልተወው አልቻልኩም።

ነገሩ ከእኔ ስሕተት አልፎ የብዙ ሰው ጉዳይ ነው ብዬ ስለማምን ነው ዛሬ የምጽፈው። በየዓመቱ ገናና ጥምቀት ሲቃረብ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየዕድሩና በየሰንበት ትምህርት ቤቱ «ለሀገር ቤት ደብር መቋሚያና ከበሮ እንላክ» የሚል መዋጮ ይጀመራል። ገዢው ብዙውን ጊዜ እንደ እኔ ያለ የከተማ ሰው ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ ባሉት ዓመታት ደግሞ ወደ ጋይንትና እስቴ የሚወስደው መንገድ በተደጋጋሚ ስለተዘጋ፣ አንዴ የላኩትን ዕቃ አስመልሶ መለወጥ የማይታሰብበት ጊዜ ብዙ ነበር።

በዚያው ሰሞን አንድ ነገር አጋጠመኝ። የእኅቴ ልጅ አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ ባንድ ጋር ድራም ይመታል። ሐዘኔን ስነግረው ሳቀና ቦርሳውን ከፍቶ አምስት ጥንድ የድራም ዱላ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈልኝ። ለእኔ ሁሉም አንድ ዓይነት ነበሩ። ለእሱ ግን አይደሉም። ሂከሪ ከሚባለው የአሜሪካ እንጨት የተሠራው ጠንካራና ንዝረትን የሚችል ነው፤ ሜፕል የሚባለው ቀለል ይላል፤ ኦክ ይከብዳል። በላያቸው የተጻፈው ቁጥርም ትርጉም አለው። 7ኤ ቀጭን ስለሆነ ለስለስ ላለ ጃዝ ይመቻል፣ 5ኤ መካከለኛና ለጀማሪም ለሁሉም የሚሆን ነው፣ 2ቢ ወፍራምና ከባድ ነው። ጫፉ ናይለን ከሆነ ጸናጽል መሰሉ ሲምባል ላይ ጥርት ያለ ድምፅ ያወጣል፣ እንጨት ከሆነ ይለዝባል። በዚህ ንግድ ስሙ የታወቀው ቪክ ፈርዝ የቦስተን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ከበሮ መቺ ነበር፤ በገበያ ያገኘው ዱላ አልስማማው ስላለ የራሱን ማሠራት ጀመረና እ.ኤ.አ. በ1963 ድርጅቱን አቋቋመ።

«አንተ የገዛኸው ለዓይን ነው» አለኝ ልጁ። «ዱላ የሚገዛው ለእጅ ነው።» ከዚያም አንዱን ዱላ ጠረጴዛው ላይ አንከባለለው። ቀጥ ያለው ድምፅ ሳያሰማ ይንከባለላል፤ የተጣመመው እየዘለለ ይሄዳል። ይህችን ዘዴ ያዝኩና በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ፈቃድ ወስጄ ወደ እስቴ ሄድኩ። መሪጌታውን ይቅርታ ልጠይቅ፣ ደግሞም እንዲያስተምሩኝ።

መንገዱን ለማያውቅ፦ ከወረታ ተነሥቶ ወደ ወልዲያ የሚወስደውንና ሕዝቡ እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» የሚለውን ይዞ ደብረ ታቦር ይደረሳል። በዚያው በቀጥታ የሄደ ጉናን በስተቀኙ ትቶ ነፋስ መውጫ፣ ላይ ጋይንት ይገባል። ወደ ደቡብ የታጠፈ መካነ ኢየሱስን፣ ማለትም የእስቴን ከተማ ያገኛል። ስማዳ ደግሞ ከዚያ ወዲያ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ሸለቆ ቁልቁል ነው።

የዚህ አካባቢ ሰው በመቋሚያና በዜማ ነገር ለምን እንዲህ እንደሚራቀቅ የገባኝ እዚያ ከደረስኩ በኋላ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ዜማ ከቅዱስ ያሬድ ይነሣል፤ የአዘማመር ስልቱ ግን በየቦታው የራሱን መልክ ይዟል። ከእነዚህ ስልቶች እጅግ የተስፋፋው በጋይንቷ ቤተልሔም ስም ይጠራል። የድጓ ተማሪ የትም ተምሮ ቢመጣ፣ በመጨረሻ ማስመስከሪያው ቤተልሔም ነው። (ሕንፃዋም ራሷን የቻለች ጉድ ናት። እ.ኤ.አ. በ1955 እንግሊዛዊው ቶማስ ፓከናም ከውጭ ክብ የሣር ጎጆ የሚመስለውን ቤተ ክርስቲያን አልፎ ሲገባ፣ በውስጡ በድንጋይና በእንጨት የታነፀ ጥንታዊ አራት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን አግኝቶ መጽሐፍ ጽፎበታል።) ዝማሬና መዋሥዕት የሚመሰከርበት ዙር አባም ጋይንት ነው። ቆማ የሚባለው ሌላው የዜማ ስልት ስሙን ያገኘው ከእስቴው ቆማ ፋሲለደስ ነው። እንግዲህ ለእንዲህ ያለ ሀገር ነው እኔ የሚያብለጨልጭ ነገር ገዝቼ የላክሁት።

መሪጌታው አልተቆጡኝም። ከደጀ ሰላሙ ጥግ አስቀመጡኝና የራሳቸውን መቋሚያ ሰጡኝ። ጥቁር ሊሆን ጥቂት የቀረው የወይራ ዘንግ ነው፤ ራሱ ቀንድ፣ ከሥሩ ትንሽ ብረት። «ያዘው» አሉኝ። ያዝኩት። «አሁን አትያዘው፣ ተደገፈው።» ተደገፍኩት።

የመጀመሪያው ነገር ቁመት ነው። መቋሚያ በመጀመሪያ ደረጃ ስሙ እንደሚለው መቆሚያ ነው። ማኅሌት ሌሊት ተጀምሮ ብዙ ሰዓት የሚቆምበት ስለሆነ፣ ዘንጉ መሬት ቆሞ ራሱ ብብት ሥር ሊገባ ወይም ደረት ላይ ሊያርፍ ይገባዋል። ካጠረ ያጎብጣል። ከረዘመ ትከሻ ይሰቅላል። እኔ የገዛኋቸው ስምንቱም አንድ ቁመት ነበራቸው፤ የደብሩ አገልጋዮች ግን አንድ ቁመት የላቸውም። መፍትሔው ቀላል ነበር፦ ከመግዛት በፊት ደውሎ የእያንዳንዱን ሰው ከመሬት እስከ ብብት ያለውን ልክ በክንድና በስንዝር ማስለካት፣ ያ ካልተቻለ ረዘም ያለውን ገዝቶ ከታች እንዲቆረጥ መተው። ከታች ብረት የተገጠመለት ከሆነ ግን መቁረጥ ያስቸግራል፤ ስለዚህ ብረቱ እዚያው ከተለካ በኋላ ቢገጠም ይሻላል።

ሁለተኛው ክብደትና ሚዛን ነው፤ እኔ ከሁሉ በላይ የተሳሳትኩትም በዚህ ነው። መቋሚያ ቆሞ ብቻ አይውልም። ቁም ዜማው ካለቀ በኋላ ዝማሜ ይመጣል፤ በዝማሜ ጊዜ መሪውም ተመሪውም መቋሚያውን ከፍ ዝቅ፣ ወዲያ ወዲህ እያደረገ ከዜማው ጋር ያንቀሳቅሰዋል። ከዚያ መረግዱ ሲጀመር ከበሮና ጸናጽል ይገባሉ፤ ያን ጊዜ ቀኝ እጅ ጸናጽል ይይዛል፣ መቋሚያው ወደ ግራ እጅ ወይም ወደ ትከሻ ይዞራል። በመጨረሻ በጽፋት ጊዜ ምቱ ይፈጥናል፣ እጅም ያጨበጭባል። ራሱ ከባድ የሆነ መቋሚያ በዚህ ሁሉ ውስጥ የእጅ አንጓ ይገድላል። ያበልጫል ብዬ የገዛኋቸው ራሶች በአፋቸው ላይ የተከመረ ብረት ነበሩ። መሪጌታው ያሳዩኝ ፈተና እንዲህ ነው፦ ዘንጉን በአንድ ጣት ላይ አጋድሞ ሚዛኑ የሚቆምበትን ቦታ መፈለግ። ሚዛኑ ከመካከል ትንሽ ወደ ላይ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ወደ ራሱ በጣም የተጠጋ ከሆነ ግን ለሰልፍ እንጂ ለዝማሜ አይሆንም።

ታዲያ ለሁሉም አንድ ዓይነት ይበጃል ማለት አይደለም። በዕድሜ የገፉ አባት ከዝማሜው ይልቅ ድጋፉን ስለሚሹ ወፈር ያለ ዘንግና ሰፋ ያለ ራስ ይመቻቸዋል። ወጣቱ ዘማሪ ቀለል ያለውን ይወዳል። መሪው ደግሞ መሬቱን መታ እያደረገ ልክ የሚያስይዝ ስለሆነ ከሥሩ ያለው ብረት ጠንካራ ቢሆን ይፈልጋል። የከተማ ደብር ወለሉ ሸክላ ወይም እብነ በረድ ከሆነ ይኸው ብረት ያንሸራትታል፣ ድምፁም ዜማውን ይረብሻል፤ ምንጣፍ ወይም ጉዝጓዝ ባለበት የገጠር ደብር ግን ችግር የለውም። የእኛ ሰዎች የከተማውን ዓይተው ለገጠር፣ የገጠሩን ዓይተው ለከተማ ሲገዙ አይቻለሁ።

ስለ እንጨቱ። ወይራ ከባድና ጠጣር ነው፣ በቀላሉ አይሰበርም፣ በእጅ ወዝ እያማረ ይሄዳል። ዋናው ግን የእንጨቱ ስም ብቻ አይደለም፤ መድረቁና የጅማቱ አካሄድ ነው። ዘንጉን ወደ ብርሃን ይዞ ሲያዩት መስመሮቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ አብረው መውረድ አለባቸው። በመካከል ወደ ጎን የሚወጡ ከሆነ በዚያ በኩል ይሰነጠቃል። ጉጥ ካለበት፣ በተለይ ከራሱ ሥር ባለው አንድ ስንዝር ውስጥ፣ ይተዉት። ቀለም በወፍራሙ የተቀባ ዘንግ እኔ ከእንግዲህ አልገዛም፤ ቀለሙ የሚሸፍነው ነገር አለ። የእኅቴን ልጅ ዘዴ ደግሞ ራሱ ከመገጠሙ በፊት በዘንጉ ላይ ሞክሬው ሠርቷል፤ መሪጌታው ዘንግ ወለል ላይ ሳንከባልል አይተው «ይህ ደግሞ የማን ትምህርት ነው?» ብለው ሳቁ።

ራስን በተመለከተ የእንጨት፣ የቀንድ፣ የነሐስ፣ አቅም ላለው የብር አለ። ለእኔ የሚታየኝ ክርክር በማዕድኑ ላይ መሆን የለበትም፤ መቋሚያ የሚሞተው መጋጠሚያው ላይ ነው። የዘንጉ ጫፍ ወደ ራሱ ውስጥ ጠልቆ መግባት፣ በሙጫ ብቻ ሳይሆን በሚስማር ወይም በእንጨት ችንካር መያዝ አለበት። ገዢው ራሱን በአንድ እጅ፣ ዘንጉን በሌላው ይዞ ጠምዘዝ ሲያደርገው ጭል ያለ ድምፅ ከሰማ፣ ቢቀነስለትም አይግዛው። እኔ የገዛኋቸውን ስምንቱን እንዲህ ብፈትናቸው ኖሮ ሦስቱ እዚያው ሱቁ ውስጥ በታወቁ ነበር።

ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ የቱ ይቅደም? ብዙ ማኅበር የሚጀምረው ከከበሮ ነው፤ ትልቅ ነው፣ ይታያል፣ ስጦታ ይመስላል። መሪጌታው ግን በአንድ ጥያቄ አስቆሙኝ፦ «በጾሙ ከበሮው የት ነው ያለው?» በእርግጥም ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ በዚያ ወራት ከበሮና ጸናጽል ያርፋሉ፣ ጾመ ድጓው የሚዘመመው በመቋሚያ ነው። የእኔ መቋሚያዎች የወላለቁት ደብሩ ሌላ ምንም በማይጠቀምበት ወቅት ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ደብሩ ጭራሽ ከበሮ ከሌለው በስተቀር፣ መጀመሪያ መቋሚያ፣ ቀጥሎ ጸናጽል፣ ከዚያ ከበሮ ብሎ መጀመር አቅም ላነሰው ማኅበር ያዋጣል የሚል አቋም ይዣለሁ። የሚከራከሩኝ ወዳጆች አሉ።

ጸናጽል ላይ ብዙ አልልም። ሽቦዎቹ ላይ የተሰኩት ቅጠሎች ሳይያዙ በነፃ መንሸራተት አለባቸው፤ ቀዳዳቸው ከጠበበ ድምፁ ይታፈናል፣ ከሰፋ ደግሞ ቶሎ ይበላል። እጀታው ውስጥ የገባው ብረት ተነቃንቆ እንደሆነ ማየት ነው።

ከበሮው ግን ሰፊ ነገር ነው። ሰፊው አፍ ወፍራም፣ ጠባቡ አፍ ቀጭን ድምፅ እንዲሰጥ ሆኖ ከአንድ ግንድ ይፈለፈላል። ሊቃውንቱ ሁለቱን አፎች በመለኮቱና በትስብእቱ ይተረጉሟቸዋል፤ በአካሉ ላይ የሚታየው ጠፍር የክርስቶስን የግርፋት ሰንበር፣ የሚለብሰው ጨርቅ ያለበሱትን ልብስ፣ ማንገቻው የታሰረበትን ገመድ ያስታውሳል። ለመፈልፈያ ዋንዛ ተወዳጅ እንጨት ነው፤ ቀላልና ለመፈልፈል የተመቸ ስለሆነ። ገዢው ውስጡን ማየት ስለማይችል ሦስት ነገር ብቻ ያድርግ። አንደኛ ያንሣው፤ ከመጠኑ በላይ ከከበደ ወይ አልደረቀም ወይ በደንብ አልተፈለፈለም። ሁለተኛ የሁለቱን አፍ ዳር በጣቱ ይዳስስ፣ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ሦስተኛ ቆዳውን መካከሉንም ዳር ዳሩንም ይምታ፤ ዳሩ ላይ በአንዱ ወገን ጠንከር፣ በሌላው ላላ ያለ ድምፅ ካሰማ አወጣጠሩ እኩል አይደለም። በዝናብና በጭጋግ ወራት ቆዳ መላላቱ ግን ጥፋት አይደለም፤ ፀሐይ ወይም የእሳት ወላፈን ሲያገኝ ይወጠራል። ከእሳት በጣም ከተጠጋ ደግሞ ይሰነጠቃል።

ከቆርቆሮ አካል የተሠሩ ከበሮዎችም አሉ። ርካሽ ናቸው፣ አይሰነጠቁም። ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች መለማመጃ ይሆናሉ፤ ለማኅሌት ግን ድምፃቸው የጣሳ ነው። አንድ ልጅ በእንዲህ ያለው ከበሮ ላይ በዱላ ሲመታ አይቼ መሪጌታው የሰጡት መልስ አይረሳኝም፦ «በዱላ የሚመታው ነጋሪት ነው።» እውነታቸውን ነው። የቤተ ክርስቲያን ከበሮ በመዳፍና በጣት ነው የሚመታው። ዱላው የቤተ መንግሥቱ ነበር፤ ሹመትና አዋጅ የሚነገረው ነጋሪት እየተጎሰመ ነውና፣ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ሕግ የሚታወጅበት ጋዜጣ «ነጋሪት ጋዜጣ» የተባለውም ከዚሁ የተነሣ ነው። የዱላ ምት የለመደ ሰው የማኅሌት ከበሮ ቢሰጡት ቆዳውን ባንድ ክረምት ይጨርሰዋል።

ከጉዞው ተመልሼ ለማኅበሩ አባላት ሒሳቡን ከነጥፋቱ አቀረብኩ። ቀሪው ገንዘብ ለስምንት አይበቃም ነበር። አምስት የወይራ መቋሚያ በልክ በልክ አሠራን፤ ራሳቸው እዚያው አካባቢ የተሠራ ተራ እንጨት ነው፣ ምንም አያብለጨልጭም። የተሰነጠቀውን ከበሮ ጥገና አንድ አባል በግሉ ቻለው። ዕቃው ለ2012 ዓ.ም. ገና ደረሰ፤ በዚያው ወር መጀመሪያ የጥምቀት በዓል በዩኔስኮ መመዝገቡ በሬዲዮ ይነገር ስለነበር መሪጌታው ደውለው መጀመሪያ የነገሩኝ እሱን ነው። ስለ መቋሚያው ምንም አላሉኝም። እኔው ጠየቅኋቸው።

«ቆመናል» አሉኝ። «ከዚያ ከተሰነጠቀው ደግሞ ደኅናውን ወገን ቆርጬ ራሱን አወለቅሁና ለአንድ ድጓ ለጀመረ ብላቴና ሰጠሁት። ለእሱ ልኩ ነው።»